የአወሳሰድ ስህተት

ኒቆዲሞስ ታደሰ ሐረር ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። የሚሠራበት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሸዋ በር ገበያ ሲወጣ ቲማቲም ሻጯም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ ጡረታ የወጣው ወታደርም ያውቁታል። «ጋሽ ኒቆ፣ ያ ያሉኝ ስኳር ወረደልኝ» እያሉ መንገድ ላይ ያቆሙታል። እጁ አይሳሳትም ይባልለት ነበር፤ እሱ ራሱም ይህን ማመን ከጀመረ ቆይቷል።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ዋፊቃ የምትባል የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ደሟ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ዋፊቃ የጀጎል ሰው ናት፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሰው በር ተደግፋ ልብስ ትሰፋለች። አራት ዓመት ያህል መገጣጠሚያዋን ሲያማት፣ ዓይንና አፏ ሲደርቅባት ኖሯል፤ ያለ ውሃ ቁራሽ ዳቦ አይወርድላትም። ሐኪሞች ሰውነቷ ራሱን የሚዋጋበት በሽታ ነው ብለዋት መድኃኒት ትወስዳለች። በዚያ ክረምት ደግሞ ከጉልበቷ በታች ወይን ጠጅ የመሰለ ነጠብጣብ ወጣባት። ጎረቤት አይቶ ተላላፊ ነው እንዳይላት ወፍራም ካልሲ ደርባ ትውላለች።

ደሙን የወሰደችላት ሲስተር ብሌን ናት። ብሌን ተመርቃ ከደሴ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ ደም ስሩ የጠፋ በሽተኛ ሲገኝ ሌሎቹ ነርሶች እሷን ይጠራሉ።

ኒቆዲሞስ ደሙ እንደመጣ በማሽን አሽከርክሮ ሴረም የሚባለውን ቢጫ የደም ውሃ ለየና፣ ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል በማግስቱ ስለሚገባ ቱቦውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠው። ጠዋት ሲያወጣው ግማሹ ነጭ ሆኖ እንደ እርጎ ረግቷል። ቱቦውን አጋደለው፤ አልፈሰሰም።

መጀመሪያ የመጣለት ፍሪጁ ነው። ካንድ ወር ወዲህ አመል አውጥቶ አንዳንድ ሌሊት ዕቃውን እስከ በረዶ ያቀዘቅዝ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በየጠዋቱ ሙቀቱ እየተለካ ይጻፍበታል። ኒቆዲሞስ ግን ቴርሞሜትሩን ሳያይ አራት፣ አራት፣ አራት እያለ የሳምንቱን ባንዴ ሞልቶት ነበር። ናሙና ተበላሸ ቢል ያ ወረቀት ይታያል። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን በእሱ ስህተት የተበላሸ ደም የለም። እና ቱቦውን ቆሻሻ ማስወገጃው ውስጥ ጣለና በመጠየቂያው ቅጽ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ናሙናው በአወሳሰድ ስህተት ተበላሽቷል። ይደገም።»

አንድ መስመር ናት። ለመጻፍ የእስክሪብቶ ክዳን የማንሳት ያህል ጊዜ አልወሰደችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የፍሪጁን ማስተካከያ በገዛ እጁ አዞረው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቴርሞሜትሩን ማየት ጀመረ፤ እውነትም አራት ላይ ቆመ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ዋፊቃ ተመለሰች። ብሌን ከዚያችው ክንድ፣ በዚያው ዓይነት መርፌ፣ ከበፊቱ የበለጠ ተጠንቅቃ ወሰደች። ናሙናው ፍሪጅ አደረ። ኒቆዲሞስ ጠዋት ሲከፍተው መደርደሪያው ላይ አሥራ ሁለት ቱቦ ነበር። አሥራ አንዱ እንደ ዘይት ጠርቶ ይፈሳል። የዋፊቃ ብቻ ረግቷል።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው ራሱን የጣለው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሰው ይሳሳታል ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ጊዜ ግን አየ። ፍሪጁ አለመሆኑን አየ፣ የነርሷ እጅ አለመሆኑንም አየ። በመርፌ አያያዝ የተበላሸ ደም ውሃው ይቀላል እንጂ እንዲህ ነጭ ሆኖ አይረጋም፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ደሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ወደ ሐኪሙ ሄዶ «ይህን አይቼ አላውቅም» ቢል ይበቃ ነበር። ነገር ግን «ታዲያ በፊተኛው ጊዜ ለምን ሌላ ጻፍክ?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ቱቦውን እጁ ውስጥ እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጣለው። ያቺኑ መስመር ደግሞ ጻፈ። ይህ ሳያንሰው የነርሶቹ ኃላፊ ሜትሮኗ ቢሮ ገብቶ አቤት አለ።

«ሲስተር ብሌን ሁለት ጊዜ ናሙና አበላሸችብን። የምርመራ ኬሚካል በዚህ ዓይነት አይበቃንም» አለ።

ብሌን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ቅጂው በግል ማህደሯ ገባ። ከዋርድ ተነስታ ወደ ክትባት ክፍል ተዛወረች። ዋፊቃ ሦስተኛ ጊዜ ደም ስጪ ስትባል «ምን ያህል ደም አለኝና» ብላ ካርዷን አስቀምጣ ሄደች። ይከታተላት የነበረው ሐኪምም በመስከረም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

ኒቆዲሞስ ነገሩን ጨርሶ አልረሳውም። በዚያው ነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። እሳቸውም ስግደት ሰጡትና «ሄደህ ደግሞ ያበላሸኸውን አስተካክል» አሉት። ስግደቱን አንድም ሳያጎድል ሰገደ። ሁለተኛውን ነገ እያለ አሳደረው፤ ነገም ሲያድር ሲያድር ተረሳ። ክትባት ክፍሉ በር ላይ ብሌንን ሲያይ ግን በሌላው ኮሪደር ዞሮ ይሄድ ነበር።

ጥር ላይ፣ ያ የሐረር ጠዋት ብርድ አጥንት ሲበላ፣ ዋፊቃ በባጃጅ ተጭና መጣች። የግራ እግሯ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ጠቁረዋል። ነጠብጣቡ ጭኗ ድረስ ወጥቷል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆስሏል። አዲሱ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዶክተር ኤርሚያስ ተኝታ እንድትታከም አደረጋት። ኤርሚያስ ወጣት ነው፤ በሽተኛ ሲያናግር ወንበር ስቦ መቀመጥ ይወዳል።

«መቼ ነው የሚብስብሽ?» አላት።

«ሲበርድ። ጠዋት የስፌት መኪናዬ ጋ ስቀመጥ ጣቶቼ ሰማያዊ ይሆናሉ። ፀሐይ ስትወጣ ይሻለኛል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሐኪሙ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ወረደ።

«ጋሽ ኒቆ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ፍሪጅ ሲገባ የሚረጋ ሴረም አይተው ያውቃሉ?»

ኒቆዲሞስ በእጁ የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለምን?»

«አንዲት በሽተኛ አለችኝ። ሰውነቷ በሽታ እንዲከላከልለት የሚሠራው አንቲቦዲ ጠማማ ሆኖ የተሠራ ይመስለኛል። ሲበርድ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይሟሟል። ክራዮግሎቡሊን ይባላል። ብርድ በሚነካት ቦታ፣ እግሯ ላይ፣ ትንንሾቹን የደም ስሮች እየዘጋባት ነው። ብዙ አይገኝም፤ እንደሷ ሰውነታቸው ራሱን በሚዋጋ ሰዎች ላይ ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። ችግሩ ደሙ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት። በመንገድ ከቀዘቀዘ የሚረጋው ነገር ከቀይ ደሙ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ምርመራው የለም ይለናል። የሚችለው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ስሟ ማን ነው?» አለ ኒቆዲሞስ። ስሟን ግን ሳይነገረው አውቆታል።

በዚያ ቀን አንድም ነገር አልተናገረም። ሥራውን ግን እንደዚያ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። ባዶ ቱቦዎቹን በሰውነት ሙቀት ልክ አሞቀ። ሙቅ ውሃ የሞላ ፔርሙዝ ይዞ ራሱ ዋርድ ወጣ። ደሙን ወስዶ ቱቦውን ውሃው ውስጥ አጥልቆ ደረጃውን ሮጦ ወረደ። ቀይ ደሙ ረግቶ ውሃው እስኪለይ በሙቀት አቆየው፣ የማሽኑን የቱቦ መያዣ እንኳ አሙቆ አሽከረከረ። ዋፊቃ ክንዷን ስትሰጠው አላወቀችውም። «እጅዎ ይሞቃል» ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ሴረሙ ረግቶ ተገኘ። ቱቦውን መዳፉ ውስጥ ይዞ ጨበጠው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጩ ነገር ከዳር ዳር እየሳሳ ሄደ፤ ጠራ፣ ፈሰሰ። ሐምሌ ላይ መዳፉን ቢጨብጥ ኖሮ ይህንኑ ያይ ነበር። ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ አምስት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ነበር የጎደለው። ፊቱ እንደ እሳት ሲግል ተሰማው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

ዶክተር ኤርሚያስ ደስታውን መያዝ አቃተው። ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው ሁሉ በሚሰበሰብበት፣ ሞርኒንግ በሚሉት ስብሰባ ላይ የዋፊቃን ታሪክ አቀረበ። የቱቦውን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አሳየ።

«ይህ በዚህ ላቦራቶሪ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። አዲስ አበባ ሳንልክ፣ በጋሽ ኒቆዲሞስ እጅ» አለ።

ተጨበጨበ። ሰው እየዞረ ፈገግ አለለት። ኒቆዲሞስን ወንበሩ ጠበበው። ከዚያ ሐኪሙ ካርዷ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ ክፉ አስቦም አይደለም።

«የሚያሳዝነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁለት ናሙና ተልኮ ነበር። ሁለቱም በአወሳሰድ ስህተት ተመልሰዋል። ያኔ በትክክል ተወስዶ ቢሆን ጣቶቿ እዚህ ሳይደርሱ እንደርስባት ነበር።»

ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል። ዓይን ሁሉ ወደ ኋላ ረድፍ፣ ብሌን ወደተቀመጠችበት ዞረ። ብሌን አንገቷን ደፍታ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ እስክሪብቶው ግን አይንቀሳቀስም። ኒቆዲሞስ አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ነበር። ሜትሮኗ ስለ ሥልጠና አስፈላጊነት መናገር ጀመረች፤ ስብሰባው ተበተነ። ቃሏ ተመልሳ ወረደች።

ከሁሉም የሚያፍርበት ያችን ደቂቃ ነው። ቱቦውን ሲጥል ማንም አላየውም ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ልጅቷ እዚያው ፊቱ ተቀምጣለች።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ ደረሰባት። ለዚያ ሁሉ ጊዜ የሸሻት ሰው አሁን ስሟን ጠርቶ አስቆማት።

«ስህተቱ ያንቺ አልነበረም» አላት።

ብሌን ዞር አለች። ዓይኗ አላለቀሰም፣ ደርቋል።

«ዛሬ ገብቶኛል። በሽታው ነው የሚያረጋው» አለች። «ስድስት ወር እጄን ሳይ ነበር፣ ጋሽ ኒቆ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ለማወቅ። ከዚያ ወዲህ ከሰው ደም ወስጄ አላውቅም፤ ፈርቼ።»

«እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ያንቺ አለመሆኑን። ከሁለተኛው ናሙና ጀምሮ። የሌሎቹ ደህና ነበር፣ የሷ ብቻ ነበር የረጋው። አይቼ ነው የጣልኩት።»

አንድ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ይዛ በመሃላቸው አለፈች።

«ይህን የሚነግሩት ለኔ ብቻ ነው?» አለች በመጨረሻ።

መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ ክትባት የሚጠብቁ እናቶች አሉባት።

አርብ ጠዋት ኒቆዲሞስ ሞርኒንግ ላይ እጁን አወጣ። ሰው የምስጋና ነገር የሚናገር መስሎት ፈገግ ብሎ ጠበቀው። ቆሞ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ተናገረ። የፍሪጁን ወረቀት ሳያይ እንደሞላ፣ የመጀመሪያውን ቱቦ ለምን እንደጣለ፣ ሁለተኛውን አውቆ እንደጣለ፣ ሜትሮኗ ቢሮ ሄዶ ምን እንዳለ። አላሳመረውም፤ ድምፁ ግን ሁለት ጊዜ ተሰብሮ እንደገና መጀመር ነበረበት። ሲጨርስ ተቀመጠ። ዶክተር ኤርሚያስ መሬት መሬት ያያል። በኋላ በር ላይ ሲገናኙ «ጋሽ ኒቆ» ብቻ አለው። ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ። ያ መንካት ከስድብ የከበደ ሆኖ ቆየበት።

የቀረችው ዋፊቃ ናት። ሐኪሙ «አብረን እንግባ?» ቢለው «ብቻዬን» አለ። ዋፊቃ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ እግሯ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከጎኗ ነበር። መድኃኒቱ ተጀምሯል፤ ነጠብጣቡ መደብዘዝ ይዟል። ሁለቱ ጣቶች ግን ሰኞ እንደሚቆረጡ ተነግሯታል። ሁሉንም ነገራት። ምንም ሳታቋርጠው ሰማችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ ጎንጨት አለች፣ አፏ ስለሚደርቅ።

«ያኔ ቢናገሩ ኖሮ ጣቶቼ ይተርፉ ነበር?» አለችው።

ሐኪሙ ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቅ አስጠንቅቆት ነበር። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም ማለት ይችላሉ፣ እውነትም ነው» ብሎታል። ኒቆዲሞስ ግን ለዚህች ሴት ሌላ ግማሽ እውነት መስጠት አልፈለገም።

«ይመስለኛል» አለ። «ይተርፉ ነበር ብዬ አስባለሁ።»

ዋፊቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከመስኮቱ ወዲያ ሐኪም የሚባለው ጋራ ደመና ለብሶ ይታያል።

«ያቺ ልጅ» አለች ቆይታ፤ «ሁለተኛ ስመጣ ፈራ ተባ ትል ነበር። በእኔ ምክንያት ተቆጧት ብዬ አዝኜላት ነበር፣ ወላሂ። ደሜ መጥፎ ነው ብዬ እኔው አፍሬ ነው የቀረሁት። አሁን ይሂዱልኝ።»

ሄደ።

ሆስፒታሉ ኮሚቴ አቋቁሞ መረመረው። ከኃላፊነት ተነሳ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። የብሌን ደብዳቤ ከማህደሯ ወጥቶ መሰረዙ በጽሑፍ ተሰጣት፤ ወደ ዋርድም ተመለሰች። አሁን ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ ቆማ ግን አታወራውም። ቲማቲም ሻጯ እስካሁን ጋሽ ኒቆ ትለዋለች፤ ወሬው ሸዋ በር ድረስ አልደረሰም። በጠራችው ቁጥር ግን ሰውነቱ ሽምቅቅ ይላል።

ዋፊቃ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ኒቆዲሞስ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጀጎል ገብቶ ይጠይቃት ጀመር። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አንድ ቀን ደግሞ የሱፍ ካልሲ ይዞ ሄደ። በሩ ላይ ተቀብላ ታስቀምጠዋለች፣ ሻይ ትሰጠዋለች። እሱ ስለ እግሯ ይጠይቃል፣ እሷ ደህና ነው ትላለች። አምስተኛው እሑድ ላይ ሻዩን አስቀምጣለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አቶ ኒቆዲሞስ፣ አይቀየሙኝ» አለች። «እዚህ የሚመጡት ለኔ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?»

አሰበበት። «ለራሴ ነው መሰለኝ» አለ።

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ። እርስዎ በመጡ ቁጥር እኔ ማፅናናት አለብኝ። ፊትዎን አይቼ ምንም አይደለም ልል ይቃጣኛል። ምንም አይደለም ማለት ደግሞ አልፈልግም። አላህ ይቅር ይበልዎት፤ የኔ ገና ነው። ሲመጣ እነግርዎታለሁ፣ ካልመጣም ይቅር።»

«እሺ» አለ። ሻዩን ትቶ መነሳት ነውር ስለመሰለው እየፋጀው ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ አልሄደም።

ዋፊቃ በየወሩ ለክትትል ትመጣለች። ደሙን ብሌን ትወስዳለች፤ ፔርሙዙን የሚያሞቀው ኒቆዲሞስ ነው። አንድ ሰኔ ጠዋት ዋፊቃ ምርኩዟን ይዛ በላቦራቶሪው መስኮት ብቅ አለች።

«የባለፈው ሳምንት ምን ሆነ?»

«ረግቷል፤ ግን ጥቂት ነው። ጥር ላይ ከነበረው አሥር እጅ አንዱ ነው።»

«ያሳዩኝ።»

ቱቦውን ከፍሪጅ አውጥቶ በመስኮቱ አቀበላት። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ የራሷን ደም ውሃ አየች፤ ሥሩ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር ተቀምጣለች። አጋደለችው፤ ፈሰሰ። 

«ይህቺው ናት?»

«ይህቺው ናት።»

ቱቦውን መለሰችለት፣ ሻርፗን አስተካከለች። «ለሚመጣው ወር መቼ ልምጣ?»

«ማክሰኞ ይሁን» አለ። «ረፈድ አድርገው ይምጡ፣ ጠዋት ይበርዳል።»

«ማክሰኞ የሙሽራ ልብስ አደርሳለሁ። ረቡዕ እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ኒቆዲሞስ ቴርሞሜትሩን አየ፣ ያየውን ጻፈ፣ ከሥሩም ረቡዕ ብሎ መዘገበላት።